ጨው የሌለው ማሊያ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በተራዬ ካጠብኳቸው አሥራ ስድስት የትምህርት ቤቱ ኳስ ቡድን ማሊያዎች የአምስቱ ጀርባ ጨው አልነበረውም። ይህን ያስተዋልኩት ግን ዓርብ ጠዋት፣ ደርቀው ከገመዱ ላይ እያወረድኩ ሳጥፋቸው ነው።

የሸዋ ሮቢትን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እኛ ጋ ግማሽ ሰዓት የሮጠ ልጅ ማሊያው ጀርባው ላይ ነጭ መስመር ሠርቶ ይደርቃል። ብብቱ ሥር እንደ ካርቶን ይገግራል። አንዱን እንኳ ባልዲ ውስጥ ሲነክሩት ውሃው ወዲያው ይደፈርሳል። ሐሙስ ዕለት ግን ሁልጊዜ ሦስት ባልዲ የሚፈጀው እጥበት በሁለት ባልዲ ከምናምን አለቀልኝ። ውሃ ከጠፋ አምስተኛ ቀኑ ስለነበር «አልሐምዱሊላህ» ብዬ የተረፈውን ለእራት አስቀመጥኩት።

እኔ ክፉውን አስቀድሜ የማስብ ሰው ነኝ። ስልክ ሲጮህ «ማን ሞተ?» ብዬ ነው የማነሳው። ልጄ ፈይሩዝ በዚህ ስትስቅብኝ ነው ያደገችው። ያን ቀን ግን፣ ክፉ ማሰብ በነበረብኝ ቀን፣ አላሰብኩም።

ስድስት ቁጥር የልጄ የሙዐዊያ ነው። አንገትጌውን ሁልጊዜ በጣቶቼ አንጓ እየፈተግኩ ነው የማጥበው፤ ሳልላጥ የቀረሁበት ተራ የለም። ዓርብ ጠዋት ማሊያውን እያጠፍኩ እጄን አየሁት። አልተላጠም። ቀጥዬ ዘጠኝ ቁጥርን አነሳሁ፤ የጎረቤቴ የከዲጃ ልጅ የአብዱረሂም ነው። ከዚያ ሦስትን፣ አሥራ አንድን፣ አሥራ አራትን። የቀሩትን ስንቴ እንደፈተግኳቸው ክንዴ ያስታውሳል። እነዚህን አምስቱን ግን ነክሬ፣ ጨምቄ፣ አስጥቻቸዋለሁ።

ያልተለበሰ ማሊያ ነበር ያጠብኩት።

ሐሙስ ግን ልምምድ ነበር። ሙዐዊያ ራሱ «ዛሬ ቡድኑን ያለማመድኩት እኔ ነኝ» ብሎኝ ነበር። ዓርብም እንደ ወትሮው ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጥቷል። የታጠፉትን ማሊያዎች ኬሻ ውስጥ ከተትኩና ነጠላ ጫማዬን በግራ በቀኝ አዛንቄ ወደ ሜዳ ሮጥኩ።

ልጄን መምህር ወንድሙ ለሚባሉት የስፖርት አስተማሪ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም።

ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ልጅ ነበር። ሱቅ ተልኮ ሌላ ዕቃ ቢሰጡት «ይኼ አይደለም» ማለት አቅቶት ይዞ ይመጣል። ወንድሜ ኸድርም እንደዚያ ነበር፤ ዝም ያለ፣ የጠራው ሁሉ የሚነዳው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባቲ ሥራ አገኘሁ ብሎ ወጣ። በሦስተኛው ሳምንት ከጅቡቲ ደወለና «ነገ ባሕሩን እንሻገራለን» አለ። ያ ነገ እስከ ዛሬ አልመጣም። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ስልክ የማይጠብቅ ቤት ብትፈልጉ ትደክማላችሁ።

ስለዚህ የስፖርት መምህሩን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቄ ያዝኳቸው።

«መምህር፣ ይህን ልጅ ሰው ያድርጉልኝ። ደላላ በመጣ ቁጥር የሚነዳው በግ እንዳይሆን።»

«ኳስ ይችላል፣ እትዬ ሳሊሃ?»

«እኔ ምን አውቄ! እግር አለው።»

ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሲስቁ ብዙ አላየሁም። ከደብረ ሲና ብርድ ወርደው የእኛን ፀሐይ የለመዱ፣ ቀጭን፣ ነገራቸው ሁሉ በሰዓት የሆነ ሰው ናቸው። ልምምዱ ፀሐይ ሳትወጣ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የሜዳው በር ይዘጋል፤ አንድ ልጅ ከዘገየ እሱ ውጭ ይቀራል፣ የገቡት ደግሞ ስለ እሱ ሜዳውን አሥር ጊዜ ይዞራሉ። ማሊያ የሚለበሰው ሐሙስ ብቻ ነው፤ ማንም ተጫዋች የራሱን ማሊያ ወደ ቤቱ አይወስድም። ሁሉም አንድ ኬሻ ውስጥ ይገባል፤ ኬሻው በየሳምንቱ ከቤት ቤት ይዞራል፣ እናቶች በተራ እናጥባለን። «የራሱን ማሊያ ብቻ ያጠበ ለራሱ ብቻ ይጫወታል» ይሉ ነበር። የእኔ ቤትና የከዲጃ ቤት ተራቸው ተከታታይ ነው።

ደግሞ ስም ማስጠራት አለ። አዲስ ተጫዋች መሐል ሜዳ ይቆምና ስሙን ከነአባቱ ይጮሃል። መምህሩ ጥግ ድረስ ሄደው አጥሩ ሥር ይቆማሉ፤ ከሰሙ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ካልሰሙ አያነሱም። ሙዐዊያ የመጀመሪያ ቀን ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ አሉ። በረኛው በረከት፣ የእትዬ ፀሐይ ልጅ፣ «ስምህን ለእኛ ንገረን እንጂ! ለአይጥ ነው እንዴ የምታወራው?» ብሎ ሜዳውን በሳቅ ገደለው። መምህሩ በረከትን ለሳቁ አስሮጡት። ልጄን ደግሞ በየቀኑ አቆሙት። በአሥራ አንደኛው ቀን እጃቸውን አነሱ። ያን ዕለት ቤት ሲገባ ያለምንም ምክንያት «እማ!» ብሎ ጮኸ፤ የያዝኩት ብርጭቆ ወደቀ። አልተቆጣሁም።

በሁለት ዓመት ውስጥ አምበል ሆነ። ቀና ብሎ ይሄድ ጀመር፤ አባቱን እንኳ ቀወት ባለው እርሻችን ላይ «ማሾውን በዚህ መስመር እንዝራው» ብሎ ሲመክረው ሰማሁ። እኔም ፍርሃቴን ቀነስኩ ማለት አልችልም፤ ግን የምፈራበትን ሰዓት አሳጠርኩ።

ስለ ፊሽካው አሁን መናገር አለብኝ። መምህሩ ሦስት ጊዜ አከታትለው አጭር አጭር ከነፉ ልጆቹ ያሉበትን ነገር ጥለው ፊሽካው ወደተነፋበት መሮጥ አለባቸው፤ አሥር ተቆጥሮ ሳያልቅ መድረስ ነው። ለምን ብሎ መጠየቅ የለም፤ ደርሶ ነው የሚጠየቀው። ይህን የትም ቦታ ይፈትኗቸው ነበር፤ ገበያ ላይ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ መንገድ ላይ። አንድ ቀን ምሳ እየበላን ከአስፋልቱ በኩል ሲነፋ ሙዐዊያ ጉርሻውን በአፉ እንደያዘ በመስኮት ወጣ፤ በር እያለ። ከአጥሩ ወዲያ አብዱረሂም በባዶ እግሩ ሲያልፍ አየሁት። እሱ ከሁሉም ይቀድማል፤ ቀድሞ ያልደረሰበት ቀን የለም። ከዲጃ በጋራ አጥራችን ላይ ባለችው ትንሽ በር ብቅ ብላ «የሳሊሃ ልጅ በመስኮት፣ የእኔው በጫማ ፈንታ በጥፍሩ! እኛ ስንጠራቸው እንዲህ ቢመጡ ምን አለበት!» ስትል ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እኔ በልቤ ደስ አለኝ። ልጄ ሲታዘዝ አየሁ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ባለፈው ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤቱ መስታወት ተሰበረ። መምህሩ «የሰበረውን የነገረኝ አይቀጣም፣ የሰበረውም ይቅር ይባላል» አሉ። በረከት ተናገረ። የሰበረውን ይቅር አሉትና በረከትን ከሁለት ጨዋታ አስቀሩት። «የቡድን ነገር ከሜዳ አይወጣም። እኔ እንኳ ብጠይቅህ አይወጣም» አሏቸው። ይህን ከሙዐዊያ ስሰማ «ጥሩ አደረጉ» አልኩ። ምላስ የማይጠብቅ ልጅ ምን ይሆናል ብዬ።

ዓርብ ጠዋት ሜዳው ስደርስ አሥራ አንድ ልጆች ይሮጣሉ። በሩ ዝግ ነው። መምህሩ ከውስጥ አዩኝ።

«እትዬ ሳሊሃ፣ አምስት ሰው ዘግይቷል። አምበሉም አለበት። ዛሬ ለእርስዎም ብዬ አልከፍትም።»

«ሐሙስ ልጆቹ ተለማምደዋል?»

«እኔ ለስብሰባ ደብረ ሲና ነበርኩ። ያለ አለቃ ይሥሩ ብዬ ደብተሩን ለሙዐዊያ ሰጠሁት። ይኸው፣ አሥራ ስድስቱም ተገኝተዋል ብሎ ፈርሟል።» ደብተሩን በኩራት አሳዩኝ። «ይህን ነበር የፈለግኩት።»

ከኬሻው አምስቱን ማሊያዎች አወጣሁ። «እነዚህ ጨው የላቸውም፣ መምህር። አልተለበሱም።»

ወዲያው አልገባቸውም። ከዚያ የገባቸው ጊዜ ፊታቸው ላይ አየሁት። በሩን ከፈቱ። ልጆቹን ሰብስበው «አምስቱ የት ናቸው?» አሉ።



«በረከት?»

በረከት ጓንቱን ያያል። «አላውቅም ጋሼ።»

«ስማ፣ ይህ ጨዋታ አይደለም። ተናገር ብዬሃለሁ። ማንም አይቀጣም።»

በረከት ቀና አለና በእርጋታ «ባለፈውም እንደዚያ ብለውኝ ነበር» አለ። ስድብ አልነበረበትም። እንዲያውም የሚያኮራቸው መስሎት እንደነበር አሁን አስባለሁ። ሌሎቹ አሥሩም ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል፤ እንደተማሩት ዓይን ዓይናቸውን ያዩዋቸዋል። አንዱ እንኳ ዓይኑን አልሰበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ የተገነባ ግንብ ነበር፤ የገነቡት ሰውዬ ከውጭ ቀሩ።

እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «በረከት ልጄ፣ እናትህን ፀሐይን አስባት» አልኩ። ጓንቱን አጥብቆ አሰረ።

ያኔ መምህሩ ፊሽካውን ከአንገታቸው አወጡ። «እትዬ ሳሊሃ፣ ይያዙልኝ» ብለው እጄ ላይ አስቀመጡት። በሩን አልፈው አስፋልቱ ዳር ቆሙና ከዚያ ሆነው «በረከት! ከአሁን ጀምሮ አሰልጣኝህ አይደለሁም። ቡድንም የለም። መንገደኛ ነኝ። አንድ መንገደኛ ልጆች ጠፍተውበት እየጠየቀህ ነው» አሉት።

በረከት ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወጣው። ሐሙስ አምስቱ ጀውሃ ከተማ ሄደው ደላላውን አይተው ነው የመጡት፤ ማሊያቸው ከኬሻው አልወጣም። ደላላው ከአምስት በታች አልወስድም ብሏል። ዛሬ ሰው ሁሉ ለጁምዓ ሲገባ መንገዱ ጭር ስለሚል በዚያ ሰዓት ይነሳሉ። ጀውሃ፣ ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ፣ ሰማያዊ ሸራ የለበሰ ኢሱዙ።

አሰፋ የሚባል የሰፈራችን ልጅ በባጃጁ አደረሰን። የነበረው ጊዜ በቂ ነበር፤ ግን የባጃጁ ጎማ በመንገድ ላይ ተነፈሰ፤ መለዋወጫ አልነበረውም፣ የሚያልፍ መኪናም አልቆመልንም፤ አሰፋ ጎማውን አስጠግኖ እስኪመለስ ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች፣ ከዚያ እንደገና ሄድን። የማሽላው ማሳ በግራ በቀኝ ቆሞ ነበር፣ አንድም ቅጠል አይነቃነቅም። ለከዲጃ ልደውል ስልኬን አወጣሁና መልሼ አስገባሁት። ልጆቹን ይዤ ስመለስ እነግራታለሁ ብዬ ነው።

መምህሩ መንገዱን ሁሉ ባዶ አንገታቸውን ይዳብሱ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ።

«አምበል ያደረግኩት የማይዋሽ ስለሆነ ነበር።»

እኔ ከፊታችን ሰማያዊ ሸራ እፈልግ ነበር። 

ጀውሃ ስንደርስ ከመስጊዱ የጁምዓው ስብከት፣ የኹጥባው ድምፅ ይሰማል። ከባድ መኪናዎች ጥላ ይዘው ቆመዋል፣ ምግብ ቤቶቹ በር ላይ ሰው የለም። ኢሱዙው ከጓሮው እየወጣ ነበር። ሰማያዊ ሸራ። መምህሩ ባጃጁ ሳይቆም ዘለው ወረዱና ጎኑን ይዘው እየሮጡ ሸራውን በመዳፋቸው መቱት። «ሙዐዊያ! ውረዱ! አቁም አንተ!» ሾፌሩ ማርሽ ቀየረ። መኪናው አስፋልቱን ያዘ። መምህሩ ወደ ኋላ ቀሩ።

እኔ ከባጃጁ ወርጄ ቆሜያለሁ። አሰፋ ባጃጁን ሊያዞር ወደ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ሄዷል። እጄ ውስጥ ፊሽካው ነበር፤ ከሜዳ ጀምሮ ጨብጬው መዳፌ ላይ ቅርጹ ታትሟል።

መኪናው እየሄደ እንደነበር አይቻለሁ። አላየሁም ብዬ መጻፍ እችል ነበር። የታየኝ ግን ኸድር ነው፤ የታየኝ እናቴ ዘጠኝ ዓመት ያየችው መንገድ ነው። ሦስት ጊዜ ነፋሁ።

ሸራው በጎን ተገለጠ። ከሁሉ ቀድሞ የወጣው አብዱረሂም ነበር። እንደ ወትሮው። ሳይመለከት፣ ሳያቅማማ፣ ፊሽካው ወደተነፋበት ወደ ጎን ዘለለ፤ እግሩ በመኪናው የኋላ ጎማ ሥር ገባ።

ያኔ መኪናው ቆመ። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ወደ ማሽላው ውስጥ ሮጠ። ልጄ ከቆመ መኪና ላይ፣ ብረቱን ይዞ፣ እግሩን አሳርፎ ወረደ። ከኋላው ሌሎቹ ሦስቱ። እኔ ልጄን በዓይኔ ከላይ እስከ ታች ዳሰስኩት፤ ሙሉ ነው። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። በሁለት ቀን ሁለተኛዬ ነው። አብዱረሂም መሬት ላይ እየጮኸ።

እግሩን ከጉልበቱ በታች ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ቆረጡት። ከዲጃ ሦስት ሳምንት እዚያው ከአልጋው ሥር ከረመች።

እዚህ ደግሞ ወሬው በአንድ ቀን ተሠርቶ አለቀ፤ መምህሩ በሚሄድ መኪና ላይ ፊሽካ ነፍቶ ልጁን አስዘለለው። ማን ሌላ ይነፋል? ፊሽካው የማን ነው? የአብዱረሂም አባት አብዱልወሃብ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ልጄን እንደ ውሻ አሠልጥነህ በፉጨት አስበላኸው!» ብሎ ሲጮህባቸው ሰው ከብቦ ሰማ። እኔም ከሰዎቹ መሐል ነበርኩ። መምህሩ ከሰው ትከሻ በላይ አዩኝ። ከዚያ ወደ አብዱልወሃብ ዞረው «ፊሽካው የእኔ ነው» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከሥራ ታገዱ። ቡድኑም ተበተነ፤ በረከት ጓንቱን ለታናሽ ወንድሙ ሰጠው።

ወደ ደብረ ሲና የሚሄዱ ቀን መናኸሪያ ሄድኩ። ፊሽካውን በመሐረብ ጠቅልዬ ይዤላቸው ነበር።

«ለምን አልተናገሩም መምህር?» አልኳቸው።

«እርስዎስ?»

መሐረቡን ፈትቼ ፊሽካውን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም፤ መልሰው ጣቶቼን አጠፉበት።

«ልጁ የዘለለው እርስዎ ስለነፉ አይደለም። እኔ ሳያይ እንዲዘል ስላስተማርኩት ነው። ይህን ለማን ሄጄ እነግራለሁ?» አሉና ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ።

ሙዐዊያ ቤት ውስጥ አለ፤ ግን ስሙን ያገኘበት ድምፅ የለም። ማታ ማታ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ «ለምን ልጄ? ምን ጎደለህ?» አልኩት።

«አብዱረሂም ብቻውን ሊሄድ ነበር። ወንድሙ ከሳዑዲ፣ ከጂዛን እየደወለ ጠርቶታል። አይሆንም ብዬው እምቢ አለኝ።» ጉልበቱን አቀፈና «ሰው ብቻውን አይተውም ነው የተባልነው» አለ።

«ለእኔ ብትነግረኝስ?»

«ለአንቺ?» ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፍንጫው ወጣ። «አንቺ እኮ ገና ሳልሄድ አልቅሰሽልኛል፣ እማ። ሁልጊዜ።» ከዚያ ፊቱን ሳያዞር ቀጠለ። «ጋሼ ወንድሙ አልነፉም። የእሳቸው ፊሽካ አይንቀጠቀጥም። ሸራው ውስጥ ሆኜ አውቄያለሁ፤ ለዚህ ነው ያልዘለልኩት። አብዱረሂምን ልይዘው እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩበትም።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ለማንም። የቡድን ነገር ነው» አለ።

 ይህን ካለኝ በአምስተኛው ቀን ከዲጃ ልጇን ይዛ ተመለሰች።

የከዲጃ ግቢና የእኔ ግቢ በአንድ አጥር ነው የተለያዩት፤ አጥሩ ላይ ትንሽ የቆርቆሮ በር አለች። ሁለታችን በአንድ ወር ስንወልድ ባሎቻችን ናቸው ቆርጠው ያወጧት፣ አራሶቹ እንዳይቸገሩ ብለው። ሙዐዊያ በእሷ ጡት፣ አብዱረሂም በእኔ ጡት አልቅሰው ዝም ብለዋል። መቀርቀሪያው በእሷ በኩል ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አልተዘጋም። ከተማው ክፉ ቀን ባየበት ጊዜ፣ የግቢው ትልቁ በር በድንጋይ በተደገፈበት ሌሊት እንኳ፣ «ያቺን በር አትንኩ፣ ሳሊሃ ስትደነግጥ በየት ልትመጣ ነው?» ትል ነበር።

ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እንደተሰገደ ዘጠኝ ቁጥር ማሊያን ይዤ በዚያች በር ገባሁ። ማሊያውን ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ ባዶ እጄን መሄድ ከበደኝ መሰለኝ።

ከዲጃ አምፖሉ ሥር ተቀምጣ በሰፌድ ማሾ ትለቅማለች። ከስታለች። ስታየኝ ፈገግ አለች።

«ነይ ሳሊዬ። ምነው ፊትሽ? ደግሞ ማን ሞተ ልትዪኝ ነው?»

«ከዲጃ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።»

«ተቀመጪና ንገሪኝ።»

አልተቀመጥኩም። «ፊሽካውን የነፋሁት እኔ ነኝ።»

ጣቷ ጠጠር ይዞ ነበር። ጠጠሩን አልጣለችውም።

«የቱን ፊሽካ?» አለች፤ ግን እያወቀች ነው።

«የጀውሃውን። መምህሩ አልነፉም። እኔ ነኝ።»

«መኪናው ቆሞ ነበር?»

«እየሄደ ነበር።»

«እያየሽ?»

«እያየሁ።»

ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አንስታ መሬት አስቀመጠችው፤ ቀስ ብላ፣ አንድ ፍሬ እንኳ ሳይፈስ። «ሦስት ሳምንት» አለች። «ሦስት ሳምንት በየማታው እየደወልሽ ስታጽናኚኝ።» እንድትጮህብኝ ጠበቅኩ። እንድትመታኝ ፊቴን አዘጋጀሁ። አልጮኸችም።

ከውስጥ አብዱረሂም ተጣራ። «እማ፣ ማነው?»

«ማንም አይደለም። ተኛ ልጄ» አለችው።

ተነስታ ማሊያውን ከእጄ ወሰደች። ጀርባውን ገልጣ ወደ አምፖሉ አስጠግታ አየችው፤ ዘጠኙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ አጥፋ መልሳ ሰጠችኝ። እኔ ወደ ኋላዬ ወደ ትንሿ በር ሄድኩ፤ እሷም እንግዳ እንደምትሸኝ ከኋላዬ መጣች። ወደ ግቢዬ ስሻገር ሙዐዊያ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል።

ከኋላዬ ቆርቆሮው ተንቋቋ። መቀርቀሪያው አሥራ ሰባት ዓመት ዝጎ ስለነበር አልገባም አለ። በድንጋይ መታችው። ደግማ መታችው። እኔና ልጄ ሳንተያይ ቆመን እንሰማለን። በሦስተኛው ገባ።